ሚዛን ያዥ በአሞራ ገደል

ጎህ ሳይቀድ መጥቼ ሚዛኔን ስሰቅል፣
ቀድመውኝ ቆመዋል አባ ኮዳዎቹ፣ በአሞራ ገደል።
ራሳቸው መላጣ፣ ካባቸው አመድማ፣
ሟቹ ሳይሞት የደረሱ የእድር ዳኞች፣ በጠዋት ጨለማ።

እንደምን አደራችሁ ብዬ አላውቅም ለነሱ፤
እነሱ የሚጠብቁት የላቀችን ቢላ ነው፣
እስኪያርፍ በዓሣው ሆድ፣ እስኪገባ ጥርሱ።

ዛሬ ሐይቁ ጨክኗል።
የዳንጊሶ ጀልባ ገና ከሩቅ ስትመጣ
በቀዘፋው ድምፅ አወቅኩት፤
የሞላ ጀልባ እያቃሰተ ነው ወደ ዳር የሚወጣ።
ይህችኛዋ ግን እየዘለለች፣ ቀልላ ደረሰች፣
ከሆዷም አሥራ ሁለት ቆሮሶ፣ አንድ አምባዛ አራገፈች።
አሥራ ሁለት ቆሮሶ!
ሌሊቱን ሲቀዝፍ አድሮ፣ ውሃ ጋቢውን አርሶ፣
ዓይኔን ሳያይ አስረከበኝ ዳንጊሶ።

አንዱን ገልብጬ ሳየው መዳፌን እንኳ አይሞላ።
አምና በዚህ ወር ቢሆን፣ ልጅ ነው፣ ይደግ ተብሎ
ይመለስ ነበር ወደ ፊላ።
ዘንድሮ ማን ይመልሳል?
የመረቡ ዓይን ጠቧል፣
የሰዉ ዓይን ሰፍቷል።

ማታ ማታ ጉማሬ ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣
ሲነጋ ይመለስና የበላውን ውሃው ውስጥ ይጥላል፤
ፋንድያው አረንጓዴ ይሆናል፣ ቆሮሶ እሱን ይለቅማል፤
ቆሮሶን ደግሞ አምባዛ፣ ባለ ጢሙ፣ ጭቃ ውስጥ አድፍጦ ይውጣል።
አምባዛውን ዳንጊሶ፤
ዳንጊሶን ዕቁቡ፣ የጀልባው ኪራይ፣ የልጁ ደብተር ይበላል።
እኔስ?
እኔ ከየኪሎው ጥቂት እቆነጥራለሁ፤
ጣቴ ሚዛኑን ሲነካ
ሰው አያይም፤ ወፎቹ ብቻ ያዩኛል።

ላቀች የመጀመሪያውን ሆድ ከፍታ አንጀቱን ወረወረች፣
ጭቃዋ ተናወጠች።
ክንፍ ከክንፍ ተጣለ፣ ምንቃር ምንቃርን መታ፣
በእግራቸው መሃል የሾለከች ድመት
ጅራቷን ተረግጣ ወጣች፣ ባዶ አፏን ከፍታ።
ጎረምሳው ዋጠ። ሌላው ከጉሮሮው ሊነጥቀው ዘለለ፤
የዋጠውን ተፍቶ መልሶ ዋጠ፤ ሐፍረት እዚህ የለ።
ጦጣዋ ከዋርካው ላይ፣ ልጇን ከሆዷ እንዳጣበቀች፣
ክርክሩን እስከ መጨረሻው ታዘበች፤
እኔ እነሱን ሳይ የኔን ሙዝ ሰረቀች።

አንዱ ግን አለ፣ እግሩን የመረብ ክር ቆርጦት በጉቶው የሚራመድ፣
ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ዘግይቶ ከግብዣው የሚሄድ።
ዛሬም ዘገየ።
አንገቱ ሥር የተንጠለጠለች ኮዳ፣ ስሙን የሰጠችው፣
ስም ብቻ ሰጥታው ቀረች፤ ቀለብ አልሰጠችው።
የዓሣውን አንጀት ሌሎቹ በሉት፤
እሱ የኔን በላው። ሳልወድ ሰጠሁት።

የድካሜ ዋጋ፣ የማታ ወጤ፣ የአምባዛው ራስ ነበር፤
በፌስታል ቋጥሬ ከድንጋይ ሥር ደብቄው ነበር።
ፈታሁና ወረወርኩለት፣ ከሌሎቹ ጀርባ።
«ደግ ሆንክ ዛሬ!» አለች ላቀች፣ ቅርፊት ከክንዷ ስታራግፍ፤
«ነገ ማን ሊሰጥህ ነው? ልጆችህስ?»
መልስ አልነበረኝም። እሱም አልጠበቀም።
አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ እስከ ጢሙ ዋጠው።

አንዲት ሳቢሳ፣ ነጭ፣ ከእፍኝ የማትበልጥ፣
ከጭቃው የቀረችውን የሥጋ ፍርፋሪ ልትለቅም ጠጋ ስትል፣
ያ አንካሳ፣ ያ አንጀቴን የበላው፣
በምንቃሩ ወገቧን ነረታት።
ጠግቦ አይመስለኝም፤ ነገን ፈርቶ ነው።
አወቅኩት። እኔም እንደዚሁ ነው የማደርገው።

ሲመሽ ሚዛኔን አጠብኩ።
ምንም ሳይጫንበት መርፌው ከዜሮ አልፎ ቆሟል፣
በጣት ስፋት ወደኔ ያደላል።
ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬው ሲያጉረመርም፣
ወደ ሣሩ ሲወጣ ሰማሁት፤
እሱ ስለ ኪሎ ምንም አያውቅም።